የሚወስድ ወለል፣ የሚያስቆም ድንጋይ

ወለል የተሠራው ሊሸከመን ነው። እግራችንን ስናሳርፍበት ዝም ይላል፤ ወዴት እንደምንሄድ አይጠይቅም፣ አይመርጥልንም። ስለ ነጻነት ስናስብ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው እንዲህ ባለ ወለል ላይ ቆመን ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ የራሳችን፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ የራሳችን። በቪዲዮ ጌም እንቆቅልሾች ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት ወለል አለ። ቀስት የተሳለበት ንጣፍ ነው። ተጫዋቹ አንዴ ከረገጠው የሚጫናቸው ቁልፎች አብዛኛውን ጊዜ አይሰሙትም። ገጸ ባሕርዩ ቀስቱ ወዳመለከተው ይነዳል፤ መንገዱ ላይ ሌላ ቀስት ካገኘ ይታጠፋል፤ አንዳች የሚያስቆመው ነገር እስኪገጥመው ድረስ እንዲሁ ይሄዳል።

ይህን ንጣፍ አክብጄ የማየው ያረጀ ጥያቄ ስለያዘ ነው፤ ሰው ሊመልሰው በማይችለው ኃይል እየተነዳ ሳለ ፈቃዱ የት ይኖራል? የሃይማኖት ሊቃውንትም ፈላስፎችም ተከራክረውበታል፣ ክርክሩም አላለቀም። ጨዋታው የሚሰጠን ጥያቄውን በጠባብ ሜዳ ላይ መመርመሪያ ነው። ሕጉ ጥቂት ነው፣ ለሁሉም እኩል ይሠራል፣ የተሳሳተም ሰው አይሞትበትም። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ በሕይወት ውስጥ ተደባልቀው የሚመጡ ነገሮች አንድ በአንድ ተለያይተው ይታያሉ።

እነዚህን ወለሎች በጥንቃቄ ከመረመሩ ሥራዎች አንዱ ቻክ ሶመርቪል በእጅ ለሚያዘው የአታሪ ሊንክስ መጫወቻ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው «ቺፕስ ቻሌንጅ» ነው። በኋላ በማይክሮሶፍት የጨዋታዎች ስብስብ ውስጥ ስለገባ ብዙ ሰው ያወቀው በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቺፕ የተባለው ልጅ የኮምፒውተር ቺፖችን እየለቀመ ደረጃ በደረጃ ያልፋል። በመንገዱ ላይ የሚወስዱ ወለሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባለ ቀስቱ ነው፤ ወደ ተሳለበት አቅጣጫ ይገፋል። ሁለተኛው በረዶ ነው። በረዶ የራሱ አቅጣጫ የለውም፤ የገባንበትን አቅጣጫ ይዞ ያንሸራትተናል።

ልዩነታቸው ሲታሰብበት ይሰፋል። ባለ ቀስቱ ንጣፍ የሌላ ሰው ፈቃድ ነው፤ አንድ ሰው ቀድሞን መጥቶ «በዚህ ሂዱ» ብሎ ጽፎበታል። በረዶው ግን ማንም ያልጻፈበት ነው። በበረዶ ላይ የሚነዳን የራሳችን የቀድሞ እርምጃ ነው። በቁጣ አንድ ቃል የተናገረ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቃል በዚያው አቅጣጫ ይናገራቸዋል፤ ያዘዘው የለም፣ የመጀመሪያው ቃል ግን ይዞት ይሄዳል። ብዙዎቻችን ተገደድን ስንል የምናስበው የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ማለትም የገዛ ትናንታችን ግፊት፣ ከሳሽም ተከሳሽም ስለሌለው በቀላሉ አይታየንም።

የጨዋታው ሕግ ሌላም ልዩነት አስቀምጧል። በቀስቱ እየተነዳ ያለው ቺፕ ቀስቱን ተቃውሞ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ ወደ ጎን መውጣት ግን ይችላል። በረዶ ላይ ይህችም መብት የለችም። ከሌላ ሰው ትእዛዝ ወደ ጎን ማምለጫ ሲገኝ ከራስ ግፊት አለመገኘቱ እኔ ከማውቀው ሕይወት ጋር ይስማማል። ለሁለቱም ወለሎች መድኃኒቱ ጫማ ነው። በቀስቱ ወለል ላይ እግርን አጥብቆ የሚይዝ ጫማ አለ፣ ለበረዶውም መንሸራተቻ ጫማ አለ። ትክክለኛውን የተጫማ በሚወስደው ወለል ላይ እንደ ተራ መሬት ይራመዳል። ከዚያ ደግሞ አንድ ሌባ አለ፤ ባለበት ንጣፍ ላይ ያለፈን ሁሉ ጫማውን ይነጥቀዋል። ወለሉ አልተለወጠም፣ ሕጉም ያው ነው፤ ጫማው ሲወሰድ ግን ትናንት መንገድ የነበረው ዛሬ ነጂ ይሆናል። ስለዚህ አንድን ሕግ «ለሁሉም አንድ ነው» ማለት አይበቃም። ማን ጫማ እንዳለውም መጠየቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ ለጌም ቦይ መጫወቻ የወጡት የመጀመሪያዎቹ የፖኬሞን ጨዋታዎች ባለ ቀስቱን ንጣፍ ከቺፕ ዓለም ይልቅ አጥብቀው ተጠቀሙበት። ሴላዶን በተባለችው ከተማ አንድ የቁማር ቤት አለ። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ጀርባ ማብሪያ ማጥፊያ ተደብቋል፤ ሲነካ ወደ ምድር ቤት የሚያወርድ ደረጃ ይከፈታል። እዚያ የ«ቲም ሮኬት» ወንበዴዎች መሸሸጊያ ነው። ከምድር ቤቱ ፎቆች መካከል በአንዳንዶቹ ወለሉ በቀስቶች ተሞልቷል፤ የረገጠው ልጅ እየተሽከረከረ ይነዳል፣ ከሌላ ቀስት ሌላ ቀስት ይቀበለዋል፣ በመጨረሻ ማቆሚያ ንጣፍ ላይ ይደርሳል። እዚህ ወደ ጎን መውጣት የለም። ተጫዋቹ ጣቱን ከቁልፉ አንሥቶ ያያል። ያ አጭር የማየት ጊዜ ለእኔ የጨዋታው ዋና ትምህርት ያለበት ነው፤ ሰው ያደረገውን ነገር ፍጻሜ፣ ሊያርመው በማይችልበት ሰዓት፣ ዓይኑን ሳይነቅል እንዲመለከት ያስገድደዋል።

የጌም ቦይ ስክሪን 160 በ144 ነጥብ ብቻ ነው። በፖኬሞን እርምጃ ሲለካ ወደ ጎን 10፣ ወደ ታች 9 ካሬ ያህል ያሳያል። ስለዚህ ተጫዋቹ ፊቱ ያለውን ቀስት በግልጽ ያያል፤ የሰንሰለቱ መጨረሻ ግን ከስክሪኑ ውጭ ሊሆን ይችላል። በ«ቺፕስ ቻሌንጅ» የዊንዶውስ እትምም ሜዳው 32 በ32 ሆኖ የሚታየው 9 በ9 ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቀስት እውነቱን ይናገራል፣ አንዱም አይዋሽም፤ ድምራቸው ግን አይታይም። ሰው በሕይወቱ የሚሳሳተው በአመዛኙ እንዲህ ነው። የሚቀጥለው እርምጃ ምን እንደሆነ እያወቀ፣ የእርምጃዎቹ ሰንሰለት የት እንደሚያደርሰው ሳያውቅ ይገባል።

ተጫዋቹ ይህን ሲረዳ አስተሳሰቡ ይለወጣል። በተራ ወለል ላይ የሚያስበው በእርምጃ ነበር፤ አሁን የሚያስበው በመግቢያና በማረፊያ ነው። በመካከል ያሉት ንጣፎች ምንም ቢበዙ አንድ ውሳኔ ናቸው። ከፊት ወደ ኋላ እየሄዱ መሞከር ስለሚያደክም የበሰለ ተጫዋች ከመውጫው ይጀምራል፤ ወደዚያ የሚያደርሰው የመጨረሻው ማረፊያ የቱ ነው፣ ወደዚያ ማረፊያ የሚያስገባውስ የቱ ቀስት ነው እያለ ወደ ኋላ ይቆጥራል። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ይገለጥለታል። ወደ ፊት ሲታይ እያንዳንዱ ቀስት አንድ ተከታይ ብቻ አለው፤ ወደ ኋላ ሲታይ ግን ወደ አንድ ማረፊያ የሚያደርሱ ብዙ መንገዶች ሊኖሩ ይችላሉ። ከገባን በኋላ ወደፊታችን አንድ ነው፤ እዚህ ያደረሰን ትናንት ግን ብዙ ዓይነት ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ሁለት ሰዎችን አንድ ቦታ ወድቀው ስናገኛቸው በአንድ በር እንደገቡ አድርገን መፍረድ አይገባንም። የወደቁበት ቦታ የገቡበትን አይናገርም።

ፈላስፋው ስፒኖዛ እ.ኤ.አ. በ1674 ለሹለር በጻፈው ደብዳቤ አንድ የተወረወረ ድንጋይ እንድናስብ ይጠይቃል። ድንጋዩ እየበረረ ሳለ ማሰብ ቢጀምር፣ የበረራውን ምክንያት ስለማያውቅ፣ የሚሄደው በራሱ ፈቃድ ይመስለዋል። በስፒኖዛ ዓይን ሰዎች የሚመኩበት ነጻነት ይኸው ነው፤ ምኞታቸውን ያውቃሉ፣ ምኞታቸውን የወለደውን አያውቁም። በቀስቱ ወለል ላይ ያለው ተጫዋች የዚህ ድንጋይ ተቃራኒ ነው። የሚነዳው ኃይል እግሩ ሥር ተስሎ ይታየዋል፤ እየተነዳ መሆኑን ለአፍታም አይጠራጠርም። ታዲያ ማወቁ ምን ጠቀመው? በረራውን አላሳጠረለትም፣ አቅጣጫውንም አላስለወጠለትም። የጠቀመው ሲቆም ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ድንጋይ ወድቆ ሲያርፍ ስለ ቀጣዩ ውርወራ የሚያስበው ነገር የለውም፤ ምክንያቱን ያየ ተጫዋች ግን በሚቀጥለው መግቢያ ፊት ሌላ ሰው ነው። እውቀት ነጻ ያወጣል የምንለው ቃል እውነት የሚሆነው ቆም ለማለት ቦታ ሲኖር ብቻ ነው። የማያርፍ አዋቂ ከማያውቀው ድንጋይ በምንም አይሻልም።

የሚወስድ ወለል በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ከሕንድ በመጣው ጥንታዊ የእባብና መሰላል ጨዋታ መሰላሉ ምግባርን፣ እባቡ ኃጢአትን ይወክል ነበር፤ መሰላል ያገኘ ይወጣል፣ የእባብ አፍ ላይ የደረሰ ይወርዳል። እዚያ ግን ወደ መሰላሉም ወደ እባቡም የሚያደርሰው ዳይስ ነው። ግዳጅ ላይ ዕድል ሲታከልበት የሚገኘው ዕጣ ፈንታ ነው፤ ተጫዋቹ የሚያለቅስበት ወይም የሚያመሰግንበት ነገር አለው እንጂ የሚጠየቅበት የለውም። በእኛው ገበጣ ነገሩ ሌላ ነው። ተጫዋቹ የትኛውን ጉድጓድ እንደሚያነሣ ይመርጣል፤ ካነሣ በኋላ ግን ጠጠሮቹ አንድ በአንድ በተራቸው ይወርዳሉ፣ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ላይ ከወደቀ እንደገና ተነሥተው ይቀጥላሉ። እጁ እየሠራ ነው፣ ምርጫ ግን የለውም። ሆኖም ጎበዝ የገበጣ ተጫዋች «ጠጠሩ ወሰደኝ» ብሎ አያማርርም። ሩጫው የት እንደሚያልቅ ሳያነሣ በፊት መቁጠር ነበረበት። ባለ ቀስቱ ወለል የገበጣ ዘመድ ነው፤ ግዳጁ ኃላፊነትን አያጠፋም፣ ወደ መግቢያው ያሸጋግረዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት በመግቢያው ላይ ስላለው ፈቃድ ነው። የበረዶው ወለል ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጡት የፖኬሞን ወርቅና ብር ጨዋታዎች ከማሆጋኒ ከተማ ወደ ብላክቶርን የሚያደርስ የበረዶ ዋሻ አላቸው። በተራ መንገድ ላይ ድንጋይ እንቅፋት ነው፤ ተጫዋቹ ይዞረዋል ወይም ይገፋዋል። በበረዶው ዋሻ ውስጥ ይህ ይገለበጣል። እንቅፋት የሌለበት ሰፊና ለስላሳ በረዶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያንሸራትታል፣ መካከሉ ላይ ባለ ማናቸውም ቦታ መቆም አይቻልም። መታጠፍ የሚቻለው የሚያስቆም ድንጋይ ባለበት ብቻ ነው። ድንጋዩ ባይኖር አቅጣጫ መምረጥ የለም። በዋሻው ውስጥ እጅግ የምወደው ክፍል ደግሞ ይህን ሐሳብ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ያራምደዋል። ተጫዋቹ በላይኛው ፎቅ ያሉትን ድንጋዮች እየገፋ ወደ ጉድጓድ ይጥላቸዋል፤ ወደ ታችኛው ፎቅ ይወድቃሉ፣ እዚያ በበረዶው ላይ ማረፊያ ይሆኑለታል። ከመንሸራተቱ በፊት፣ እግሩ ገና ጽኑ መሬት ላይ ሳለ፣ ነገ የሚቆምበትን ቦታ በገዛ እጁ ይሠራል።

የዚህ ሐተታ ልብ እዚህ ላይ ነው። ነጻነት በማንም አለመነካት፣ በምንም አለመገታት ይመስለናል። የበረዶው ወለል ግን የማይገታ ሰው የመጨረሻው ምርኮኛ መሆኑን ያሳያል፤ የመጀመሪያ ግፊቱ እስከ ግድግዳው ይወስደዋል። ነጻ የምንሆነው መቆም በምንችልበት ቦታ ነው። ብልህ ሰው የሚታወቀውም በዚህ ነው፤ በጽኑ መሬት ላይ ሳለ ለደካማው ሰዓቱ ድንጋይ ያስቀምጣል። ጾም የያዘ ሰው በየማዕዱ ፊት አዲስ ክርክር አይከፍትም፤ ክርክሩን ቀድሞ ጨርሶታል። ሁለት ጎረቤታሞች ሲጣሉ በመካከል የሚገቡ ሽማግሌዎች እውነቱን ከባለጉዳዮቹ የበለጠ ስለሚያውቁት አይደለም የሚከበሩት፤ የቁጣው መንሸራተት ላይ ማረፊያ ስለሆኑ ነው። ፍርድ ቤት የሚሰጠው ቀጠሮ፣ ከፊርማ በፊት የሚሰጥ የማሰቢያ ጊዜ፣ «ነገ እነግርሃለሁ» የሚለው መልስ፣ ሁሉም ከላይ የተጣሉ ድንጋዮች ናቸው።

ወለል የሚሠሩ ሰዎችም አሉና በእነርሱ ላይ መፍረድ ይቻላል። ከጨዋታዎቹ የምወስደው መለኪያ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ቀስቱ ከመርገጥ በፊት መታየቱ ነው። በፖኬሞን ውስጥ የሳፍሮን ከተማ ጂም (የመወዳደሪያ አዳራሽ) በማስተላለፊያ ንጣፎች የተሞላ ነው፤ የረገጠው ካለበት ክፍል ጠፍቶ ሌላ ክፍል ውስጥ ይገኛል። ንጣፉ ራሱ ይታያል፣ ወዴት እንደሚጥል ግን ምልክት የለውም። በቀስት የተነዳ ሰው ቢያንስ የሄደበትን መንገድ አይቷል፤ በዚህኛው ግን በምክንያቱና በውጤቱ መካከል ያለው ሁሉ ተሰውሯል። በ«ቺፕስ ቻሌንጅ» ደግሞ አቅጣጫው በዕድል የሚወሰን የሚገፋ ንጣፍ አለ። እነዚህ ሊወደዱ ይችላሉ፣ ከእነርሱ የሚገኘው ጥበብ ግን ያንሳል፤ ሰው አስቦ ሊገባባቸው አይችልምና። ሁለተኛው መለኪያ ማረፊያ መኖሩ ነው። ቀስቶች ብቻ ባሉበት ውስን ወለል ላይ ጉዞ ወይ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ወይ መጨረሻ በሌለው ዙር ውስጥ ይገባል፤ ሦስተኛ ዕድል የለም። ማረፊያ ያላስቀመጠ ሠሪ ዙሩን መርጧል ማለት ነው። ሦስተኛው ሕጉ ለሁሉም መሥራቱ ነው። በቺፕ ዓለም ጭራቆችም፣ የሚገፉ ብሎኮችም በበረዶው ይንሸራተታሉ፣ በቀስቱም ይነዳሉ። ወለሉ ለጠላት አያዳላም፣ ለጀግናም አያዝንም።

የወለል ሠሪው ማንነት አስፈላጊ መሆኑን ፖኬሞን ራሱ በአንድ ጥሩ ነገር ይነግረናል። የቲም ሮኬት አለቃ ጆቫኒ ነው፤ ምድር ቤቱም የእርሱ ነው። ከብዙ ጉዞ በኋላ ተጫዋቹ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ወደነበረው ወደ ቪሪዲያን ከተማ ጂም ይገባል፣ ወለሉ ላይም እነዚያኑ የሚያሽከረክሩ ቀስቶች ያገኛል። የጂሙ መሪ ሆኖ የሚጠብቀው ጆቫኒ ነው። ያስተዋለ ተጫዋች ገና ሰውየውን ሳያይ በወለሉ ሊያውቀው ይችላል። ሰዎችን የሚያስተዳድር ሁሉ በንግግሩ ከሚታወቀው ይልቅ በሚያስረግጠው ወለል ይታወቃል።

በእነዚህ መለኪያዎች ዛሬ በየእጃችን ያለውን ወለል እንመዝን። በስልካችን አንድ ቪዲዮ ሲያልቅ የሚቀጥለው ሳንጠይቀው ይጀምራል፤ ገጹን ወደ ታች ስንስበው ማለቂያ የለውም። ቀስቶቹ አልተሳሉም፣ ማቆሚያው ንጣፍም ተነሥቷል። እዚህ ላይ ሰዓታቱን ያጠፋ ሰው «እኔ ነኝ የመረጥኩት» ቢል የስፒኖዛን ድንጋይ ይመስላል፤ «ምንም አልመረጥኩም» ቢል ደግሞ መግቢያውን ረስቷል። ሁለቱም እውነቱን ግማሽ ያደርጉታል። ግማሹ ጥፋት የገባበት ሰው ነው፤ ግማሹ ግን ማረፊያውን አስቦ ያነሣው የሠሪው ነው። ስንፍናን ብቻ የሚወቅስ ስብከት ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ስለሚተወው ፍትሕ ይጎድለዋል።

አንድ ጽኑ ተቃውሞ አለ፣ ችላ ሊባልም አይገባውም። የጨዋታው እንቆቅልሽ የተሠራው እንዲፈታ ነው፤ አንድ ሰው ተቀምጦ መውጫ መኖሩን አረጋግጧል። የተሳሳተ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ ደረጃውን እንደገና ይጀምራል። ሕይወት እንዲህ ያለ ቃል አልገባችም። ድህነትን፣ ጦርነትን፣ በሽታን ወለሉ አድርጎ የተወለደ ሰው መግቢያ ላይ ቆሞ አልመረጠም፤ «ከመግባትህ በፊት ማሰብ ነበረብህ» ማለት በእርሱ ላይ ጭካኔ ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ። ያለ ምርጫው ወለሉ ላይ ለተገኘ ሰው የመግቢያ ትምህርት አይጠቅመውም። የማረፊያው ትምህርት ግን ለእርሱ ይበልጥ ይሠራል። ሲነዳ የኖረ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ምክር አይደለም፤ አንዲት የሚቆምባት ቦታ ናት። የአንድ ወር ቀለብ፣ የታመመበትን ጊዜ የሚሸፍን ገንዘብ፣ ሳይባረር የሚያድርበት ቤት ሲያገኝ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊያዞር የሚችለው ያን ጊዜ ነው። የመረጠው ነገር ይሳካለት አይሳካለት ሌላ ጉዳይ ነው፤ መምረጥ ግን ጀምሯል።

ስለዚህ አንድን ቤት፣ አንድን ድርጅት፣ አንድን አገር «ሰውን ነጻ ያደርጋል ወይ?» ብለን ስንመዝን፣ ስንት መንገድ ከፈተ ብቻ ብለን አንጠይቅ። መንገድ ሁሉ ሊወስድ ይችላል፣ የሰፋውና የለሰለሰውም ከሁሉ ፈጥኖ ይወስዳል። ሰው መካከል ላይ ቆሞ «እንደገና ላስብበት» ለማለት የሚችልባቸው ቦታዎች ስንት ናቸው ብለን እንጠይቅ። እነዚያ ቦታዎች በራሳቸው አይበቅሉም። ጽኑ መሬት ላይ የቆመ ሰው፣ ለራሱም ገና ለሚንሸራተተውም ብሎ፣ ከባዱን ድንጋይ ገፍቶ የሚያኖራቸው ናቸው። ዛሬ የምንቆምበት ያለን ሁሉ ይህ ሥራ አለብን።